የበርገሩ ግማሽ ዳቦው ነው

ስለ በርገር ወሬ ሲነሳ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሥጋው ነው። ነጠላ ነው ድርብ? አይብ አለው? እንቁላል ተጨምሮበታል? ስለ ዳቦው የሚጠይቅ አይገኝም። በምግብ ዝርዝሩ ላይም ዳቦው ስም የለውም፤ እንደ ሳህኑና እንደ ሶፍቱ ሥጋውን አጅቦ የሚመጣ ዕቃ ሆኖ ቀርቷል። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ለዚህ ስም ለሌለው ዳቦ ነው። የበርገርን ጣዕም ከማንኛውም ነገር በላይ የሚወስነው ዳቦው ከተጋገረ ስንት ሰዓት ሆነው የሚለው ጥያቄ ነው እላለሁ። ይህ እውነት ከሆነ ተከታዩንም መቀበል ግድ ይላል፤ ዳቦ ከምድጃ በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚቆረስበት ቦታ ቢኖር የሰው ቤት ነው። በርገር የምግብ ቤት ምግብ ነው፣ እቤት የሚሠራው የልጆች ማባበያ ወይም የገንዘብ ማዳኛ ነው የሚለው ልማድ ነገሩን ገልብጦ ይዞታል። ዳቦው ጠዋት የተጋገረ፣ ሥጋው በዕለቱ የተፈጨ፣ ለምሳ የደረሰ በርገር ከቤት ውጭ ማግኘት ከባድ ነው፤ እቤት ለመሥራት የሚጠይቀው ድካም ግን ከሚታሰበው በጣም ያነሰ ነው።

ከዳቦ ባሕርይ እንጀምር። ዳቦ የሚደርቀው ውሃው ስለሚተን ብቻ ይመስለናል። እርግጥ ይተናል፤ ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ዣን ባቲስት ቡሲንጎ በ1852 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዳቦ እርጥበቱ እንዳይወጣ ታሽጎ ቢቀመጥም ማርጀቱ እንደማይቀር፣ ያረጀው ዳቦ እንደገና ሲሞቅ ደግሞ ልስላሴው ለጊዜው እንደሚመለስ አሳይቷል። ምክንያቱ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ነው። ሊጡ ሲጋገር ስታርቹ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ዳቦው መቀዝቀዝ ከጀመረበት ደቂቃ አንስቶ ግን እንደገና እየተደረደረና እየጠነከረ ይሄዳል። የፍሪጅ ቅዝቃዜ ይህን ያፋጥነዋል፤ ዳቦን ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ከሻጋታ ቢያድነውም ቶሎ ያስረጀዋል። ለሻይ የቀረበ ዳቦ ትንሽ ቢያረጅ ሻዩ ያርሰዋል። የበርገር ዳቦ ግን ከሥጋው የሚወጣውን ስብና ጭማቂ መጠጣት፣ ሲጎረስ ከሥጋው እኩል መጨመቅ፣ እስከ መጨረሻው ጉርሻም ሳይፈርስ መቆየት አለበት። ያረጀ ዳቦ ጭማቂውን አይጠጣም። በጥርስ ሲጫኑት አይታዘዝም፤ ሥጋው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ቲማቲሙ ይንሸራተታል፣ ቅርፊቱ ጭን ላይ ይፈረፈራል። ብዙ ሰው በርገር መብላት ልብስ የሚያበላሽ ትግል ነው ብሎ የሚያምነው ትኩስ ዳቦ ስላልገጠመው ይመስለኛል።

ይህን እኔ የፈጠርኩት ቁም ነገር እንዳይመስል የበርገርን ታሪክ ማየት ይበቃል። በርገርን መጀመሪያ ማን ሠራው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት ኒው ሄቨን ከተማ ያለው ሉዊስ ላንች የተባለው ቤት ከ1900 ጀምሮ እየሠራሁት ነው ይላል፤ ዛሬም የሚያቀርበው በተጠበሰ ቁራጭ ዳቦ መሃል ነው። በርገሩን ከራሱ ዳቦ ጋር አገናኝቶ የከተማ ሠራተኛ ምሳ ያደረገው ግን በ1921 ካንሳስ ግዛት ዊቺታ ከተማ ውስጥ በዋልተር አንደርሰንና በቢሊ ኢንግራም የተከፈተው ዋይት ካስል የተባለው በርገር ቤት ነው። አንዱን በ5 ሳንቲም ይሸጡት ነበር። ድርጅቱ ሲሰፋ የራሱን ዳቦ መጋገሪያዎች ከፈተ፤ በርገር የሚሸጥ ሰው ዳቦውን በእጁ ካላደረገ ምግቡን በእጁ እንዳላደረገ ገብቷቸው ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ትልልቅ ሰንሰለቶች ሌላ ችግር ነበረባቸው። አንድ ዓይነት በርገር በሺዎች በሚቆጠሩ ቅርንጫፎች ማቅረብ ስለነበረባቸው ዳቦው ከሩቅ ፋብሪካ ተጭኖ ለቀናት ሳይደርቅና ሳይሻግት መቆየት ነበረበት። ስለዚህ ስታርቹ ቶሎ እንዳይጠነክር የሚያግዱ ኢንዛይሞችና ማለስለሻዎች፣ ሻጋታን የሚከላከሉ ማቆያዎች ገቡበት። ሥጋውም በረዶ ሆኖ መጓዝ ጀመረ። ይህ የማጓጓዝን ችግር ፈትቷል፤ አላቃልለውም። ለጣዕሙ ግን ዋጋ ተከፍሎበታል፤ ይህንንም ሰንሰለቶቹ ራሳቸው አይክዱም። ማክዶናልድስ በ2018 በአብዛኞቹ የአሜሪካ ቅርንጫፎቹ ኳርተር ፓውንደር የሚባለውን በርገር ሥጋ በረዶ ሆኖ ከማያውቅ ትኩስ ሥጋ ማዘጋጀት ጀመረ፤ በ2023 ደግሞ በርገሮቹን እንደሚያሻሽል ሲያስታውቅ ከጠቀሳቸው ነገሮች አንዱ የለሰለሰና በደንብ የተጠበሰ ዳቦ ነበር። የዓለም ትልቁ በርገር ሻጭ እንኳን ብዙ ወጪ አውጥቶ የሚመለሰው ማንኛውም ቤት በነጻ ወዳለው ነገር ነው፦ ወደ ትኩስነት።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ፤ ትልቁ የጊዜ ነው። ለምሳ ብሎ ዳቦ የሚጋግር ማን ነው? ሊጡ አንድ ሰዓት ኩፍ ይላል፣ ተድቦልቡሎ እንደገና ይቆያል፣ ይጋገራል፣ ይበርዳል፤ ሦስት ሰዓት ሄደ። ይህ ስሌት የተሳሳተው ሥራንና ጥበቃን አንድ ላይ ስለሚደምር ነው። እንጀራ ከተቦካበት እስከሚጋገርበት ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ሆኖም እንጀራ የሦስት ቀን ሥራ ነው ብሎ የሚያማርር አይሰማም፤ ቀኑን የሚሠራው እርሾው እንደሆነ ሁሉም ያውቃልና። የበርገር ዳቦም እንዲሁ ነው። ሰው እጁን የሚያስገባበት ጊዜ ለማሸት 10 ደቂቃ፣ ለማድቦልቦል 5 ደቂቃ፣ ምድጃ ውስጥ ለመክተትና ለማውጣት ጥቂት ደቂቃ ነው። የቀረውን ለሌሊቱ መስጠት ይቻላል። ማታ የታሸ ሊጥ ተሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር በቅዝቃዜው ቀስ ብሎ ይቦካል፤ በዚህ ዝግታም ጣዕሙ ይጎለብታል። ጠዋት ተድቦልቡሎ በሙቀት ቦታ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከቆየ በኋላ በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 15 ደቂቃ ያህል ይጋገራል። እንግሊዝ አገር ቾርሊውድ ላይ በ1961 የወጣው የፋብሪካ ዳቦ አሠራር ሊጡን በኃይለኛ ማሽን እየመታ የማቡኪያውን ሰዓታት ያስቀረው ለፋብሪካ እያንዳንዱ ሰዓት ወጪ ስለሆነ ነው። ለቤት ሌሊት ወጪ የለውም። ቤተሰቡ ተኝቶ እያለ ሊጡ ይሠራል፤ ቤት ይህን ጥቅም ያለ ተጨማሪ ወጪ ማግኘቱ ነው ክርክሬን የሚያጠነክረው።

ሌላው ቅሬታ ሞክረነው አልሆነም የሚለው ነው፤ ዳቦው ተነፋና ወደቀ፣ ወይም እንደ ድንጋይ ሆነ። ለዚህ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ጋጋሪው ሳይሆን መመሪያው የተጻፈበት አገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ እርሾው የሚያወጣው ጋዝ ሊጡን በቀላሉ ይነፋዋል፤ ለቆላና ለባሕር ዳርቻ ከተማ የተጻፈ የእርሾ መጠን እዚህ ይበዛል። ሊጡ ከልኩ በላይ ተነፍቶ ግድግዳው ይሳሳል፣ ምድጃ ሲገባ ይወድቃል። ለ500 ግራም ፉርኖ ዱቄት 7 ግራም ደረቅ እርሾ በሚል መመሪያ ፋንታ 5 ግራም ማድረግ፣ ከሰዓቱ ይልቅም ሊጡን ማየት ነው መፍትሔው፤ በእጥፍ ገደማ ካደገ ሰዓቱ ባይሞላም ደርሷል። እንደ ድንጋይ የሆነው ዳቦ ደግሞ በአብዛኛው እጅ ላይ የሚጣበቀው ሊጥ ያስፈራው ጋጋሪ ዱቄት እየነሰነሰ ያደረቀው ነው። የበርገር ዳቦ ሊጥ ሲጀመር ይጣበቃል። እየታሸ ሲሄድ ግሉተኑ ይያያዛል፣ ከእጅም ከገበታም በራሱ ይላቀቃል።

ሊጡን ካነሳን አይቀር ልቆይበት የምፈልገው ነገር አለ፤ ምክንያቱም በርገር የእኛ አይደለም ለሚለው ተቃውሞ ከሁሉ የተሻለው መልስ ያለው እዚሁ ነው። በሩቅ ምሥራቅ ዳቦ ጋጋሪዎች ዘንድ የሚሠራበትና አሁን በዓለም ላይ ለስላሳ ዳቦ በሚጋግሩ ሁሉ የተወደደ አንድ ዘዴ አለ። ከዱቄቱ ትንሹ ከአምስት እጥፍ ውሃ ወይም ወተት ጋር እሳት ላይ ተማስሎ ወደ 65 ዲግሪ ሲደርስ እንደ ገንፎ ይወፍራል፤ ይህ ቀዝቅዞ ከተቀረው ዱቄት ጋር ይታሻል። የበሰለው ስታርች ብዙ ውሃ ይዞ ስለሚገባ ዳቦው ይለሰልሳል፣ ለማርጀትም ይዘገያል። ይህን የሚያነብ እንጀራ ጋጋሪ ሁሉ ምን እንደሚል አውቃለሁ፦ ይህማ አብሲት ነው! በእርግጥም ነው። ከቦካው የጤፍ ሊጥ ጥቂቱን ቀንሶ፣ በፈላ ውሃ አብስሎ፣ ቀዝቀዝ ሲል ወደ ሊጡ መመለስ፤ ያለ አብሲት የተጋገረ እንጀራ እንደሚደርቅና ዓይኑ እንደማያምር ማንም ጋጋሪ ያውቀዋል። የሥራው ምክንያት በሁለቱም አንድ ነው፤ የበሰለ ስታርች ውሃ ይይዛል። እንግዲህ ለበርገር ዳቦ ከ500 ግራሙ ዱቄት 30 ግራሙን በ150 ሚሊ ሊትር ወተት ወይም ውሃ አብስሎ፣ ከቀረው 470 ግራም ዱቄት፣ ከ120 ሚሊ ሊትር ወተት፣ ከአንድ እንቁላል፣ ከ50 ግራም ለጋ ቅቤ፣ ከ35 ግራም ስኳር፣ ከ9 ግራም ጨውና ከእርሾው ጋር ማሸት ለአበሻ ቤት አዲስ ትምህርት አይደለም፤ በጤፍ ያወቀውን በስንዴ መድገም ነው። ከዚህ ልክ 90 ግራም ገደማ የሚመዝኑ 10 ዳቦዎች ይወጣሉ። በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ የሚኖር አበሻ ከሱፐርማርኬት የሚገዛው በላስቲክ የታሸገ ዳቦ ለሳምንት እንዲቆይ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ የዚህ ዳቦ ልዩነት ለእሱ ከእኛም ይልቅ ይጎላል።

ምድጃ የለንም ለሚሉ መልሱ ቀላል ነው። ፉርኖ የሚለው ቃል በጣልያንኛ ምድጃ ማለት ቢሆንም ፉርኖ ዱቄት ግን ያለ ምድጃም ዳቦ ይሆናል። አምባሻ በምጣድ ይጋገራል። ድቡልቡሉ ትንሽ ተጠፍጥፎ፣ እሳቱ ለስለስ ባለ ምጣድ ላይ ተቀምጦ፣ አክንባሎ ተከድኖበት፣ አንዴ ተገላብጦ ሲጋገር ጉልላቱ ዝቅ ያለ፣ ሁለት ፊቱ የቀላ፣ ውስጡ ነጭና ለስላሳ የሆነ ዳቦ ይሆናል። እንዲያውም ዝቅ ማለቱ ለአጎራረስ ይመቻል። መብራት በጠፋበት ቀን ከባድ ብረት ድስት በከሰል ወይም በጋዝ ላይ ይህንኑ ይሠራል።

ታዲያ ከሰፈሩ ዳቦ ቤት ትኩሱን ገዝቶ መምጣት ምን ያህል ይጎዳል? ይህን ተቃውሞ አከብረዋለሁ፤ ከሁሉም ጠንካራው ነው። ዳቦ ቤቱ ቅርብ ከሆነና ዳቦው ሲወጣ ከተደረሰበት፣ ከፋብሪካ ከመጣ የበርገር ዳቦ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ነገር ግን ተራው የዳቦ ቤት ዳቦ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ነው፤ ወተትም ቅቤም እንቁላልም የለበትም። ሲበርድ ቅርፊቱ ይጠነክራል፣ ውስጡ አየር የበዛበት ይሆናል። ከወጥ ጋር ግሩም ነው። በበርገር ላይ ግን ቅርፊቱ ሥጋውን ጨምቆ ያስወጣል፤ ቅቤና እንቁላል ያለበት ሊጥ የሚሰጠውን ጥርስ የሚታዘዝ ልስላሴ አያገኝም። በርገር ብሎ የተጋገረ፣ በዚያው ቀን የተገዛ የዳቦ ቤት ዳቦ ካለ እሰየው። እንዲህ ያለውን ዳቦ በየዕለቱ የሚያስጋግሩ በርገር ቤቶችም አሉ፤ ልፋታቸው ሲበሉት ያስታውቃል። ክርክሬ በእነሱ ላይ አይደለም፤ ያደረውን ዳቦ በሥጋ ብዛትና በሶስ ለመሸፈን በሚደረገው ጥረት ላይ ነው።

ስለ ሥጋው ደግሞ ተመሳሳይ ነገር ማለት ይቻላል፤ እዚህ ግን ከጣዕም በላይ የጤና ጉዳይም አለ። ሙሉ ቁራጭ ሥጋ ላይ ባክቴሪያ ቢኖር በአብዛኛው ያለው በውጭ በኩል ነው፤ እሳቱ ቀድሞ የሚያገኘውም እሱን ነው። ሥጋው ሲፈጭ ግን ውጩ ወደ ውስጥ ይገባል። በ1992 መጨረሻና በ1993 መጀመሪያ በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች በደንብ ያልበሰለ በርገር በበሉ ሰዎች ላይ በተነሳ የኢ ኮላይ ባክቴሪያ ወረርሽኝ ከ700 በላይ ሰዎች ታመዋል፤ 4 ልጆች ሞተዋል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የተፈጨ የከብት ሥጋ መሃሉ 71 ዲግሪ እስኪደርስ እንዲበስል የሚመክረው ለዚህ ነው። ክትፎ ጥሬውን የሚበላ አገር ለበርገር ይህን ያህል መጨነቅ ምን አመጣው የሚል ይኖራል። መልሴ ሁለት ነው። ደህና ክትፎ ቤት ሥጋውን በዕለቱ ከሙሉ ቁራጭ በቢላዋ ይከትፋል፤ ካደረና ከስንት ከብት እንደመጣ ከማይታወቅ የተፈጨ ሥጋ ጋር አንድ አይደለም። ሁለተኛ፣ ጥሬ ሥጋ መብላት ዋጋ አያስከፍልም ብለን አናውቅም፤ ኮሶ የትሉም የመድኃኒቱም ስም የሆነበት አገር ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። በርገርን በሚገባ ማብሰል ጣዕሙን አይቀንስበትም። ሥጋን የሚያጣፍጠው የመቅላቱ ነገር፣ ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚ ማያር በ1912 ያብራራው የፕሮቲንና የስኳር ውሕደት፣ በደንብ የሚሠራው ከ140 ዲግሪ ገደማ በላይ በጋለ ብረት ላይ ነው። ስለዚህ ወፍራም ጥፍጥፍ ሠርቶ መሃሉ በስሏል አልበሰለም እያሉ ከመጨነቅ አሳስቶ መጠፍጠፍ ይሻላል። በጋለ መጥበሻ ላይ ተጭኖ የሳሳ 100 ግራም ሥጋ በእያንዳንዱ ፊቱ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ሲቆይ ውስጡ ይበስላል፣ ፊቱም ጠርዙም ይቀላል። ለማብሰል የሚፈጀው ጊዜ ይኸው ነው፤ ፈጣን ምሳ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ከልኳንዳ ቤት ሲገዛ ቀድሞ የተፈጨውን መውሰድ አይገባም፤ ቁራጩን አስመዝኖ ፊት ለፊት ማስፈጨት ነው። ሙሉ ቀይ ሥጋ ለበርገር አይሆንም። ጭቅና ለጥብስ ይቆይ፤ ለበርገር ጮማ ያለበት ዳቢት ወይም ፍሪንባ ይበልጣል፤ ከአምስት እጅ አንዱ ስብ ሲሆን ጥሩ ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እንቁላልና የዳቦ ፍርፋሪ አደባልቆ ማሸት በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ሥጋውን ያበረክታል፣ ያጣፍጣልም ይባላል። ያበረክታል፤ ግን የሚወጣው ሌላ ምግብ ነው። ጨው ገብቶበት የታሸ የተፈጨ ሥጋ ፕሮቲኑ ይሟሟና እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ሲበስል እንደ ቋሊማ ይጠብቃል። የበርገር ሥጋ ሳይታሽ፣ ልቅ እንዳለ ተጠፍጥፎ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬው መጥበሻ ሊገባ ሲል ከላይ የሚነሰነስበት ነው። ማጣፈጫው ከውጭ ይምጣ፤ ለዚህ ደግሞ ጓዳችን ባዶ አይደለም። በአሜሪካ በርገር ላይ ጥንቱን የሚገባው ሰናፍጭ ነው፤ የእኛ የጾም ሰናፍጭ አፍንጫ ድረስ የሚወጣው ቃጠሎው የሥጋውን ስብ ከብልቃጥ ከሚመጣው ጣፋጭ ሰናፍጭ ይልቅ ይቆርጠዋል። ሚጥሚጣ ከቅቤ ጋር በተቆረጠው ዳቦ ፊት ላይ ተቀብቶ መጥበሻ ላይ ሲቀላ ሌላ ሶስ አያስፈልግም። የእኛ አይብ ግን እሳት ላይ አይቀልጥም፤ በመኮምጠጥና በሙቀት የረጋ አይብ ጠባዩ ነው። ማቅለጥ የፈለገ ጎዳ የሚባለውን አይብ ይግዛ፤ የእኛን አይብ የሚወድ ከነቅዝቃዜው ከሚጥሚጣው ጎን ያድርገው።

የጤና ተቃውሞ አለ፤ አልሸሸውም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 ቀይ ሥጋን ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብለው ከሚገመቱት ነገሮች መደብ አስገብቶታል። በርገር የየቀን ምግብ ይሁን የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም። ነገር ግን የበርገር መጥፎ ስም ከምን እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል፦ ከጎኑ ከሚቀርበው በዘይት የተጠበሰ የድንች ክምር፣ ከትልቅ ብርጭቆ ለስላሳ መጠጥ፣ ከድርብርብ ሥጋና ከስኳራም ሶስ። እቤት ሲሠራ እነዚህ ሁሉ በሠሪው እጅ ናቸው። በነፍስ ወከፍ 100 ግራም ሥጋ፣ አንድ ዳቦ፣ ጎኑ ላይ ሰላጣና ቃሪያ ከሆነ ምሳ ነው እንጂ ፈተና አይደለም። ከኪስ አንጻርም ቢሆን ግማሽ ኪሎ ሥጋ አምስት ሰው በሙሉ ሳህን ያጠግባል፤ ያው ግማሽ ኪሎ ጥብስ ሆኖ ለአምስት ሰው ሲቀርብ ሁሉም ከሳህኑ ጥግ እየለቀመ ይነሳል። ልዩነቱን የሚሞላው ዳቦው ነው፤ ጥሩ ከሆነ።

አሥሩ ዳቦ በአንድ ምሳ ካላለቀ የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ እንደማይበጅ ከላይ ተነስቷል። በረዶ ቤቱ (ፍሪዘሩ) ግን ሌላ ነው፤ ዳቦው በጋገሩበት ቀን ልክ እንደበረደ ታሽጎ በረዶ ቤት ከገባ እርጅናው ባለበት ይቆማል፣ ምጣድ ላይ ሲሞቅም ከነልስላሴው ይመለሳል። ለጾም ቀን ግን የተለየ ሊጥ ያስፈልጋል፤ በቅቤው ፋንታ ዘይት፣ በወተቱ ፋንታ ውሃ፣ እንቁላሉ ቀርቶ አብሲቱ ሳይቀር። አብሲቱ ስላለ ያለ ወተትም ይለሰልሳል። ለውስጡ ሽምብራ ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፣ ሳይቀቀል ጥሬውን ከሽንኩርትና ከድንብላል ጋር ይፈጫል፤ ተቀቅሎ የተፈጨ ሽምብራ መጥበሻ ላይ ይበተናል፣ ጥሬው ግን ሲበስል በራሱ ስታርች ይያያዛል፣ እንቁላልም አይፈልግም። የሽምብራው ጥፍጥፍ እንደ ሥጋው ጭማቂ የሚያወጣ ስብ ስለሌለው እርጥበቱን ከዳቦው ይፈልጋል፤ ለዚህ ሲባል ረቡዕና ዓርብ ዳቦው ከምድጃ የሚወጣበትን ሰዓት ወደ ምሳ ይበልጥ ማስጠጋት ነው። ሰናፍጩ ያው ነው፤ አይለወጥም።